የብራምስ የኢ ማይነር ሶናታ፦ ፒያኖው የቼሎው አጃቢ ነው ወይስ እኩያው?

የማሲንቆ ተማሪ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ ማሲንቆ መማር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ በስልኬ የጫነልኝን የጀርመናዊውን የዜማ ደራሲ የዮሃንስ ብራምስን የመጀመሪያ የቼሎና የፒያኖ ሶናታ (በክፍል በክፍል የተጻፈ የመሣሪያ ሙዚቃ)፣ በኢ ማይነር የተጻፈውንና ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 38 ተብሎ የሚታወቀውን፣ ማታ ማታ የጦሳ ብርድ ሲወርድ መስኮቴን ዘግቼ እየደጋገምኩ አዳምጠዋለሁ። ሦስት ክፍሎች ያሉት፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሥራ ነው። ቼሎውን የወደድኩት ገና ከመጀመሪያው ድምፅ ነው፤ በፈረስ ጭራ በተወጠረ ደጋን የሚገዘገዝና በጉልበት መካከል ተይዞ የሚነገር መሣሪያ በመሆኑ እንደ ማሲንቆ የቅርብ ዘመድ አድርጌ ነው የሰማሁት።

ቅር ያለኝ ፒያኖው ነው። ቼሎው ዜማውን ይዞ ገና መናገር ሲጀምር ፒያኖው ከላይ ይመጣበታል፤ በአንዳንድ ቦታማ ቼሎው መኖሩን የማውቀው በግምት ብቻ ነው። እኔ በተማርኩት ልማድ ማሲንቆ ድምፃዊውን አይጫነውም። ድምፃዊው አፉን ሲከፍት ደጋኑ ይለዝባል፣ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆው የቀረውን ይናገርለታል፣ ግጥሙ ሲያልቅ ደግሞ ዜማውን ተቀብሎ ብቻውን ያዞረዋል። አጃቢ ማለት ለእኔ ይህ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ታላቅ የዜማ ደራሲ አጃቢው ዋናውን እንዲውጠው ለምን ፈቀደ? የምጠይቀው ለመንቀፍ ሳይሆን፣ የወደድኩትን ሥራ በሚገባ ለመስማት ስለምፈልግ ነው።

የፒያኖ መምህር (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ሆኖም መልሱ የሚጀምረው አንተ ካልተጠራጠርክበት ቃል ላይ ነው። ፒያኖውን “አጃቢ” ብለኸዋል፤ ብራምስ ግን ሥራውን ለኅትመት ሲያበቃ የሰየመው “ሶናታ ለፒያኖና ለቼሎ” ብሎ ነው። ፒያኖው ቀድሞ ተጠርቷል። ይህ ቅደም ተከተል ከእርሱ በፊት የነበረ ልማድ ቢሆንም፣ በእርሱ ሥራ ውስጥ ግን ከልማድነት አልፎ እውነት ሆኗል።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልዘርዝር፤ ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የቼሎ ዋና ሥራ የባስ መስመሩን መያዝ ነበር፤ ቼሎ ብቻውን ጎልቶ በሚሰማባቸው ሶናታዎች ደግሞ የቁልፍ መሣሪያው ተጫዋች የሚቀርብለት የባሱ መስመር ብቻ ሆኖ፣ ኮርዶቹን (በአንድነት የሚሰሙትን ድምፆች) በራሱ ችሎታ እየሞላ ይጫወት ነበር። ያ በእርግጥ አጃቢነት ነው። ነገሩ የተለወጠው ቤትሆቨን በ1796 ወደ በርሊን በሄደ ጊዜ ነው። የፕሩሺያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ራሱ ቼሎ ይጫወት ነበር፤ በቤተ መንግሥቱም ዣን ልዊ ዱፖር የሚባል ታላቅ የቼሎ ባለሙያ ነበር። ቤትሆቨን የፒያኖው ድርሻ እያንዳንዱ ድምፅ በኖታ የተጻፈባቸውን ሁለት ሶናታዎች፣ ኦፐስ 5ን፣ ያዘጋጀው ለዚያ ቤት ነው። ርዕሳቸውም “ለክላቭሴን ወይም ለፒያኖፎርቴ (ለቀድሞዎቹ የቁልፍ መሣሪያዎች)፣ ሊቀር ከማይችል ቼሎ ጋር” የሚል ነበር። እንግዲህ በዚያ ርዕስ ማን ማንን እንደሚያጅብ አስበው፤ ቼሎው “ሊቀር የማይችል” ተብሎ እስኪጻፍለት ድረስ መኖሩ የሚያጠራጥረው እርሱ ነበር።

ስለዚህ ሶናታውን እንደ ድምፃዊና እንደ ማሲንቆ አትስማው። ሁለት ድምፃውያን በአንድ መድረክ እንዳሉ አድርገህ ስማው። የመጀመሪያውን ክፍል ልብ ብለህ ብታዳምጥ ቼሎው የጀመረውን ዜማ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፒያኖው ወደ ላይ አንሥቶ ይወስደዋል፤ በዚያ ጊዜ ከሥር ሆኖ የሚደግፈው ቼሎው ነው። አንተ ባልከው ትርጉም አጃቢ የሚሆኑት በየተራ ነው ማለት ነው።

አንድ አድማጭ (ወልድያ)

መምህር፣ የታሪኩ ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የወንድማችንን ጆሮ በርዕስ ልናስተባብለው አይገባም። እኩያነት በሽፋኑ ላይ ስለተጻፈ ብቻ በድምፁ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። ብራምስ ይህን ሥራ በ1862 ሲጀምር 29 ዓመቱ ነበር፤ የጨረሰው በ1865 ነው። ራሱ ብርቱ የፒያኖ ተጫዋች ነበርና ለፒያኖው የጻፈው በሙሉ ኃይሉ ነው፤ ለቼሎው ግን አብዛኛውን ዜማ የሰጠው ዝቅ ባለውና በቀላሉ በሚሸፈነው የድምፅ ክልል ውስጥ ነው። ሶናታው የተበረከተለት ዮሴፍ ጌንስባኸር የድምፅ መምህርና ለደስታው ብቻ ቼሎ የሚጫወት ሰው ነበር። አብረው ሲጫወቱ ጌንስባኸር “ቼሎዬን ልሰማው አልቻልኩም” ብሎ ሲያማርር፣ ብራምስ “ዕድለኛ ነህ” ብሎ መለሰለት እየተባለ ይነገራል። ጨዋታው ለሳቅ ቢነገርም ችግሩ ገና ያኔ የታወቀ እንደነበረ ያሳያል።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃዬ ብራምስ ራሱ ነው። ሁለተኛውን የቼሎ ሶናታ፣ በኤፍ ሜጀር ያለውን ኦፐስ 99፣ በ1886 በስዊዘርላንድ ቱን ሐይቅ አጠገብ ሆኖ ለቼሎ ተጫዋቹ ለሮበርት ሃውስማን ሲጽፍ 53 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ሥራ ቼሎው ገና ሲጀምር ወደ ላይ እየዘለለ ይጮኻል፣ ፒያኖውም ከሥሩ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይይዘዋል። ሃያ ዓመት የቆየ ሰው የመጀመሪያው ላይ ያጎደለውን ያወቀ ይመስለኛል። ችግሩም የብራምስ ብቻ አይደለም። ሾፓን የጂ ማይነር ሶናታውን፣ ኦፐስ 65ን፣ ለወዳጁ ለቼሎ ተጫዋቹ ለኦጉስት ፍራንሾም ጽፎለት፣ ሁለቱ በ1848 በፓሪስ የመጨረሻ ኮንሰርቱ ላይ ሲጫወቱት ረጅሙንና የተጨናነቀውን የመጀመሪያ ክፍል ትተው የቀሩትን ሦስቱን ብቻ አሰምተዋል።

የቼሎ ጀማሪ (ኮምቦልቻ)

በዚህ ክርክር ውስጥ መሣሪያው ራሱ እንዲናገር ብንፈቅድለት ጥሩ ይመስለኛል። የቼሎ አራት ክሮች ከታች ወደ ላይ ሲ፣ ጂ፣ ዲ እና ኤ ተብለው ይቃኛሉ፤ ዝቅተኛው ሲ በሰከንድ 65 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ ከፍተኛው ኤ 220 ጊዜ። የብራምስ ሶናታ የሚጀምረው በዝቅተኛው ክር ላይ በሚገኘው ኢ ሲሆን እርሱም 82 ገደማ ነው። ወንድሜ የማሲንቆ ተማሪ፣ የምታዳምጠው በስልክህ ድምፅ ማውጫ ከሆነ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ቀዳዳ በሚገባ አይወጣም። የፒያኖው ኮርዶች ከቼሎው በላይ፣ ስልኩ አጥርቶ በሚያሰማው ክልል ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ያንተ ስልክ ብራምስ ካደረገው በላይ ቼሎውን ውጦብሃል ማለት ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ሞክረው።

ሁለተኛው ነገር ፒያኖው ነው። ዛሬ በትልልቅ አዳራሾች የሚታየው ፒያኖ የብረት ማዕቀፉ ወፍራም፣ የባስ ክሮቹም በሌሎቹ ክሮች ላይ ተሻግረው የተወጠሩ ናቸው፤ ብራምስ በቪየና ቤቱ የነበረው የሽትራይኸር ፒያኖ ግን ክሮቹ ሳይሻገሩ ቀጥ ብለው የተዘረጉ፣ ባሱም የቀለለና የጠራ ነበር። ቼሎዎቹም በዚያን ዘመን የአንጀት ክር ነበራቸው፤ ድምፁ እንደ ብረት ክር ባይበረታም ሻካራነቱ ከፒያኖው ለስላሳ ድምፅ መካከል ተለይቶ እንዲሰማ ያደርገዋል። ማሲንቆም ከትልልቅ ድምፆች መካከል የሚለየው በጉልበቱ ሳይሆን በዚያ ሻካራነቱ ነው።

ከወልድያው ወንድማችን ጋር የማልስማማው በአንድ ነገር ነው። የሶናታው መክፈቻ የተጻፈው ቼሎው ዝቅ ብሎ እንዲናገር ታስቦ ነው እንጂ ደራሲው የቼሎን ከፍተኛ ድምፅ ስላላወቀ አይደለም። ፒያኖው በዚያ ቦታ ኮርዶቹን የሚያስቀምጠው ከምቱ ላይ ሳይሆን ከምቱ ቀጥሎ ነው፤ ቼሎው ድምፁን ሲጀምር ፒያኖው ዝም ይላል፣ ቼሎው ከያዘው በኋላ ቀስ ብሎ ይገባል። ለዜማው መንገድ የመልቀቅ ያህል ነው። እኔ ይህን ቦታ ስለማመድ ከሁሉ ያስቸገረኝ በዚያ ዝቅተኛ ክር ላይ ደጋኑን ሳልጫን ድምፁን ማቆየት ነበር፤ ጉልበት በጨመርኩ ቁጥር ድምፁ ይታነቃል።

የማሲንቆ ተማሪ (ደሴ)

እኅቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የጆሮ ማዳመጫ ተውሼ ዛሬ ሌሊት እሰማዋለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ መክፈቻው ለጆሮዬ ያልራቀበትን ምክንያት ያገኘሁ መስሎኛል። ዜማው ኢ፣ ጂ፣ ቢ እያለ ወጥቶ ሲ ላይ ይደርስና ወደ ቢ ተመልሶ ያዝናል። ያ ከሲ ወደ ቢ የሚወርደው ጠባብ እርምጃ አምባሰል ቅኝት ውስጥ የምናውቀው እንጉርጉሮ አይደለምን? እኔ አምባሰልን ስለምወድ ይሆን እንደዚያ የሰማሁት?

የቅኝት ነገር (ሐይቅ)

ወንድም ዓለም፣ ጆሮህ ትክክለኛውን ቦታ ይዟል፤ የጠራኸው ስም ግን ሌላ ነው። አምባሰልን ከኢ ብትጀምረው ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይሆናሉ። ከቢ ወደ ሲ ያለው ጠባብ እርምጃ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን የብራምስ ዜማ ሁለተኛ አድርጎ የሚረግጠው ጂ በአምባሰል ውስጥ የለም፣ አምባሰልን አምባሰል የሚያደርገውና ከመነሻው ጎን የሚቆመው ኤፍ ደግሞ በብራምስ መክፈቻ ውስጥ የለም። ያንኑ ከኢ የሚነሣ ቅኝት በትዝታ ማይነር ብትሠራው ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ቢ እና ሲ ታገኛለህ። አራቱ የመክፈቻ ድምፆች ሁሉም በዚህ ውስጥ አሉ። የሰማኸው ትዝታን ነው።

ይህን ስል ብራምስ ትዝታን ያውቅ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከሐምቡርግ ተነሥቶ ቪየና የኖረ ሰው ነው። ዜማውም ብዙ ሳይሄድ ከአምስቱ ድምፆች ወጥቶ በሰባቱም ይመላለሳል፣ ከሥሩም ኮርዶች እየተለዋወጡ ትርጉሙን ይለውጡታል። የእኛ ዜማ በአንድ ቅኝት ውስጥ ተቀምጦ እየዞረ ይጠልቃል፤ የእርሱ ደግሞ ከአንዱ ስልት ወደ ሌላው እየተጓዘ። ስለዚህ መመሳሰሉን ለመግቢያ በር ያህል ተጠቀምበት፤ ቤቱ ውስጥ ከገባህ በኋላ ግን የቤቱን ሥርዓት ተከተል።

ፒያኖን ከቅኝት ጋር ማስታረቅ ይቻል እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ እዚሁ አምባሰል ውስጥ በግሸን ማርያም አሥር ዓመት ያህል በምንኩስና ኖረዋል። በኋላ በፒያኖ ያስቀረጿቸውን ሥራዎች ያዳመጠ ሰው፣ የፒያኖ ቁልፍ እንደ ማሲንቆ ጣት መንሸራተት ባይችልም፣ በጥቃቅን ድምፆች እየተጠመዘዘ ወደዚያ እንዴት እንደሚጠጋ ይሰማል። በቼሎና በፒያኖ ሶናታም ውስጥ ይኸው ችግር አለ፤ ቼሎው ድምፁን በጣቱ እያጠበበና እያሰፋ ማስተካከል ይችላል፣ ፒያኖው ግን አስቀድሞ እንደተቃኘ ይቀራል። ሁልጊዜ የሚጠጋው ቼሎው ነው።

የፒያኖ መምህር (ኮምቦልቻ)

ስለ ሦስተኛው ክፍል እስካሁን ማንም አላነሣም፤ ለእኔ ግን የጥያቄው ሙሉ መልስ ያለው እዚያ ነው። (ሁለተኛው ክፍል ለአጭር ጊዜ ያስደስታል፤ በኤ ማይነር የተጻፈ፣ እንደ ጥንታዊ ዳንስ የሚራመድ ነው። በመካከለኛው ክፍሉ ሁለቱ አንዱን ዜማ ይዘው፣ ቼሎው ዜማውን እንዳለ ሲዘምረው ፒያኖው በጥቃቅን ድምፆች ይዘረዝረዋል። ብራምስ አንድ ዝግተኛ ክፍልም ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን አውጥቶታል።)

ሦስተኛው ክፍል ፊውግ ነው። ለማያውቁት ለማስረዳት ከእኛው ልነሣ። በመንዙማ አንዱ አውጪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ተቀባይ፤ አውጪው አዝማቹን ሲጨርስ ዝም ይላል፣ ተቀባዮቹ በድቤ እያደመቁ ይመልሱለታል፣ ከዚያም እርሱ አዲስ ግጥም ይዞ ይመጣል። በዘፈንም ይኸው ነው። በፊውግ ግን አውጪው ዝም አይልም። ተቀባዩ ያንኑ ዜማ ከሌላ ድምፅ ሲጀምር አውጪው ሌላ ዜማ ይዞ በላዩ ላይ ይቀጥላል፤ ሦስተኛው ሲገባ ሁለቱም አያቆሙም። ሁሉም አውጪ ነው፣ ሁሉም ተቀባይ ነው። በብራምስ ፊውግ መጀመሪያ የሚያወጣው የፒያኖው ግራ እጅ ነው፣ ቀጥሎ ቼሎው ይገባል፣ ከዚያ የፒያኖው ቀኝ እጅ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቼሎው እዚህ ከፒያኖ ጋር አይደለም የሚነጋገረው፣ ከሁለት እጆች መካከል አንድ ሆኖ ነው የቆመው። በጽሑፉ ውስጥ ሦስት እኩል መስመሮች አሉ። የዜማው መነሻ፣ ወደ ኦክታቩ (ወደ ስምንተኛው ድምፅ) ዘሎ በሦስት በሦስት ድምፅ የሚሮጠው፣ ከዮሐን ሴባስትያን ባኽ “የፊውግ ጥበብ” 13ኛው ቁጥር ጋር በግልጽ ይዛመዳል። የመጀመሪያው ክፍል ዜማም ከዚያው ሥራ ጋር ዝምድና እንዳለው ብዙዎች ይናገራሉ። ብራምስ ለዚያ አሮጌ መምህር እጅ እየነሣ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ፊውጉን የሚጫወት ፒያኖ ተጫዋች ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ቼሎው ይሰማ” ቢል ሥራውን ያበላሸዋል፤ አንዱን መስመር ሁልጊዜ ከፊት ካስቀመጥክ ፊውግ መሆኑ ይቀራል። የሚገባው እያንዳንዱ መስመር ዜማውን በያዘበት ጊዜ እንዲወጣ፣ ሳይዝ ሲቀር እንዲለዝብ ማድረግ ነው። ተማሪዎቼ ቀኝ እጃቸውን ማዳመጥ ስለለመዱ ግራ እጃቸው ዜማ ይዞ ሳለ እንኳ ያለ ዋጋ ይጫወቱታል፤ በዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ግራ እጅ መክፈቻውን ገና ከመጀመሩ ይገድለዋል።

አንድ አድማጭ (ወልድያ)

መምህር፣ ይህን ማብራሪያ ከዚህ በፊት ባገኘው ኖሮ ብዙ ጊዜ እቆጥብ ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በጽሑፉ ላይ ሦስት እኩል መስመሮች አሉ ብለዋል፤ በአዳራሹ ውስጥ ግን ሁለቱ መስመሮች የአንድ ሰው፣ የአንድ መሣሪያ ድምፆች ናቸው። ቼሎው በሁለት ወንድማማቾች መካከል የተቀመጠ ብቸኛ እንግዳ ይሆናል። ይህን ሚዛን ተጫዋቾቹ ካላስተካከሉት ማን ያስተካክለዋል?

የቼሎ ጀማሪ (ኮምቦልቻ)

ተጫዋቾቹ ናቸው የሚያስተካክሉት፤ ጥሩ ተጫዋቾች ሲያደርጉትም ይሰማል። ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች በቼሎ፣ ሩዶልፍ ሰርኪን በፒያኖ የቀረጹትን ስሙት። ሮስትሮፖቪች ብርቱ ድምፅ ያለው ሰው ነበር፣ ሰርኪን ደግሞ ፔዳሉን (ድምፁን የሚያቆየውን የእግር መርገጫ) በመቆጠብ መስመሮቹን ግልጥልጥ አድርጎ ያሳያል። ዣክሊን ዱ ፕሬና ዳንኤል ባረንቦይም የቀረጹት ከዚህ ይልቅ የጋለ ነው፤ እኔ ለመክፈቻው ዱ ፕሬን፣ ለፊውጉ ደግሞ ሰርኪንን እመርጣለሁ። የፔዳሉ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፒያኖው ፔዳሉን ይዞ ሲቆይ የባስ ድምፆቹ ቼሎው በሚናገርበት ክልል ውስጥ እንደ ጭጋግ ይተኛሉ፤ እግሩን ቶሎ ቶሎ ቢያነሣ ድምፁን ሳይቀንስ እንኳ ቼሎው ብቅ ይላል። ብዙ ጊዜ የፒያኖው ክዳን ነው ችግሩ እየተባለ ክዳኑ ይዘጋል፤ ሲዘጋ ግን ድምፁ ይደፈናል እንጂ አይጠራም።

ለወንድሜ ለማሲንቆ ተማሪ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ከብራምስ በፊት የቤትሆቨንን የኤ ሜጀር ሶናታ፣ ኦፐስ 69ን፣ በ1808 የተጠናቀቀውን፣ ስማ። እዚያ ቼሎው ብቻውን፣ ያለ ምንም ኮርድ ዜማውን ይጀምራል፤ ፒያኖው ዝም ብሎ አዳምጦ ነው የሚመልሰው። የማሲንቆ ሰው ያንን መክፈቻ ሲሰማ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

የማሲንቆ ተማሪ (ደሴ)

የተባልኩትን አድርጌያለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው መጀመሪያ የገረመኝ ቼሎው ከዚህ በፊት የት እንደነበረ ነው። ያ ዝቅተኛ ኢ በደረቴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ፤ ስልኬ ለካ ላዩን ብቻ ሲያሰማኝ ኖሯል። የፒያኖውም ከምቱ ቀጥሎ መግባት አሁን ግልጽ ሆኖልኛል፤ ድምፃዊው ትንፋሽ እስኪወስድ እንደሚጠብቅ ማሲንቆ ነው።

መክፈቻውን በማሲንቆዬ ሞከርኩት። መሣሪያዬ ያን ያህል ዝቅ ስለማይል ከፍ ካለ ድምፅ ነው የጀመርኩት፤ የሐይቁ ወንድሜ እንዳለው ትዝታ ማይነር ላይ ጣቶቼ ሳይፈልጉ ሄዱ። አምስተኛው ድምፅ ላይ ግን ብራምስ ወደሚሄድበት ልከተለው ስሞክር እጄ እምቢ አለኝ፤ ቅኝቱ ወደ መነሻው ይጎትተኛል። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ማይነር ወደ ኢ ሜጀር ተለውጦ በለሆሳስ ሲያልቅ፣ ያንን በአንድ ጭራ መሥራት እንደማልችል ገባኝ፤ ጂ ወደ ጂ ሻርፕ ሲለወጥ ከሥር ኮርድ የሚይዝለት ያስፈልጋል። ፒያኖው ለምን እዚያ እንዳለ የተረዳሁት በዚያች ቅጽበት ነው።

ፊውጉን ገና አልደፈርኩትም። መምህር፣ ሦስቱን መስመሮች በአንድ ጊዜ መከተል አቃተኝ።

የፒያኖ መምህር (ኮምቦልቻ)

በአንድ ጊዜ አትከተላቸው። በመጀመሪያው ቀን ቼሎውን ብቻ ተከተል፣ ፒያኖው ምንም ቢል አትሂድለት። በሁለተኛው ቀን ቀኝ እጁን። ግራ እጁን ለመጨረሻ አቆየው፤ እርሱ ከሁሉ ከባዱ ነው፣ ነገር ግን ክፍሉን የጀመረው እርሱ ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ እርሱ ትመለሳለህ። ኮምቦልቻ ስትወርድ ማሲንቆህን ይዘህ ናና ያን መክፈቻ አንተ በማሲንቆ፣ እኔ በፒያኖ እንሞክረዋለን፤ ለቅኝትህ በሚመች ቦታ አሸጋግሬ እጽፍልሃለሁ።

አንድ አድማጭ (ወልድያ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰርኪንንና ሮስትሮፖቪችን ከትናንት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለ መጀመሪያው ክፍል የተናገርኩትን አንሥቻለሁ፤ የቼሎው ዝቅታ ጉድለት ሳይሆን ሐሳብ መሆኑን አሁን እሰማለሁ። በፊውጉ መጨረሻ፣ ፍጥነቱ ከጨመረ በኋላ ባሉት ገጾች ላይ ግን፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ባለሙያዎች እየተጫወቱትም ቼሎው ለጥቂት ጊዜ ይጠፋብኛል። ኖታውን እያየሁ ደግሜ ልሰማውና እመለሳለሁ።